ስም ያልወጣለት አጋዘን

ዌልደን ህሩስካ ሚስቱን በሚያዝያ ወር ቀበረ፤ በማግስቱ በአጋዘኖች መመገቢያ በርሜሎች በቆሎ ሊሞላ ወጣ። ሰው ጉድ አለ። እሱ ግን ሌላ ምን እንደሚደረግ አላወቀም። በርሜሎቹ ጎድለዋል፣ አጋዘኖቹ ማን እንደሞተ አያውቁም፣ ፒክአፑ ደጅ ቆሟል። ሄዶ ሞላ። ተመልሶ ጫማውን አወለቀ፣ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ መሸ። ከዚያ ወዲህ ያለፉት ወራት ከዚያች ቀን ብዙም አይለዩም።

ጎረቤት ምግብ አመጣ። የዚያ አገር ሰው ለሐዘንተኛ ቤት ምግብ በሳህን ጋግሮ፣ ስሙን በፕላስተር ላይ ጽፎ ከሳህኑ ሥር ይለጥፋል። ዌልደን ምግቡን በላ፣ ሳህኖቹን አጠበ፣ ፕላስተሩን እያነበበ ለየባለቤታቸው መለሰ። "እንዴት ነህ?" ሲሉት "ደህና ነኝ" ይላል። አይዋሽም። የሚያመው ነገር አልነበረም። ጥርስ ሊነቀል ሲደነዝዝ ከንፈር የሌላ ሰው እንደሚመስለው ሁሉ፣ ነገሩ እዚያ እንዳለ ያውቃል፤ አይሰማውም እንጂ።

የታኬት ራንች፣ ከብት የሚረባበትና አጋዘን የሚታደንበት ሰፊ ርስት፣ በደቡብ ቴክሳስ እሾህ መሃል ነው። ከአንዱ አጥር እስከ ሌላው በመኪና ሲነዳ፣ ቁርሱን በልቶ የተነሳ ሰው ይርበዋል። ሜዳ የሚባል የለውም። ያለው ሜስኪት የሚባለው እሾሃም ዛፍ፣ ቁልቋል፣ ሸሚዝ ይዞ የማይለቅ ቁጥቋጦ ነው። በቁጥቋጦው መሃል በቡልዶዘር ቀጥ ብለው የተቀደዱ ጥርጊያዎች አሉ፤ በየጥርጊያው በሦስት እግር የቆመ በርሜል አለ። ከበርሜሉ ሥር የተገጠመች ትንሽ ሞተር ፀሐይ ስትወጣና ልትጠልቅ ስትል ጥርርር ብላ በቆሎውን ትበትናለች። አጋዘኖቹ ድምፁን ለይተው ያውቁታል። ከበርሜሉ ራቅ ብሎ ደግሞ ከፍ ባለ የእንጨት ቆጥ ላይ የተሠራ ማድፈጫ ጎጆ አለ። መስኮቱ ጠባብ ነው። ወንበሩ ከአንድ የተዘጋ ባንክ የመጣ ተሽከርካሪ ወንበር ነው፤ እንዳይንቋቋ ዌልደን በየዓመቱ ዘይት ይቀባዋል።

የዌልደን ሥራ ዓመቱን ሙሉ ማየት ነው። የትኛው አውራ አጋዘን ወደ የትኛው በርሜል ይመጣል፣ ከእነማን ጋር ይመጣል፣ ስንት ዓመቱ ነው፣ ብርዱ ገብቶ አዳኝ እንግዶች ሲመጡ የትኛው ይመታል፣ የትኛው ይተዋል። የድሮው ባለቤት ሽማግሌው ታኬት ያወጣው ሕግ አንድ ነው፤ ቀንዱ የቱንም ያህል ቢያምር ያላረጀ አውራ አይመታም። ዕድሜውን የሚናገረው ዌልደን ነው። እሱ "ተኩስ" ካላለ የትኛውም እንግዳ፣ ዳኛም ይሁን ሐኪም፣ ጣቱን ቃታ ላይ አያሳርፍም። አጋዘኑ ከወደቀ በኋላ ደግሞ የታችኛው መንጋጋው ይወጣል፤ በጥርሱ አበላል ዕድሜው ይነበባል፤ አጥንቱ ተቀቅሎ ነጥቶ በሽቦ ቆዳ መግፈፊያው ዳስ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በሕይወት ሳለ ዌልደን ይናገራል፣ ከሞተ በኋላ ጥርሱ ይናገራል። ለብዙ ዓመታት ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም።

ዌልደን ለዚህ የተወለደ ሰው አልነበረም። አባቱ የቼክ አገር ዘር የሆነ ጥጥ አራሽ ነበር፤ ጥጡ ሲከስር ልጁ የውሃ መሳቢያ የነፋስ ወፍጮ መጠገን ተማረ። ወደ ታኬት ራንች የመጣው አንድ የተሰበረ ወፍጮ ሊጠግን ነው። ወፍጮው ላይ ቁጭ ብሎ ሳለ ከታች የቆመውን ሽማግሌ "ያ አጋዘን ሦስት ቀን ሙሉ እዚያች ቁጥቋጦ ሥር ነው የሚተኛው፣ የኋላ ግራ እግሩን ያመዋል" አለው። ሽማግሌው ታኬት ቀና ብሎ አየው። "ከዚያ ላይ ውረድና ሥራ ልስጥህ" አለው። ሥራው ከቤት ጋር ነበር። ቆርቆሮ ጣሪያ ያላት፣ በረንዳዋ ወደ ምሥራቅ የምታይ ትንሽ ቤት። ያን ጊዜ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳ የነበረችውን ኖርማን አግብቶ እዚያች ቤት አስገባት።

ልጅ አልወለዱም። ለአጋዘኖቹ ስም ማውጣት የጀመረችው ኖርማ ናት። ዌልደን በየበርሜሉ ካሰራቸው ካሜራዎች ፎቶውን ይዞ ሲመጣ እሷ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋዋለች። ፊቱን ያኮሳተረው ዲያቆኑ ሆነ። ሌላውን ሁሉ ከበርሜሉ እያባረረ ብቻውን የሚበላውን፣ የፖሊስ አዛዥ እንደማለት፣ ሺሪፉ አለችው። አንዱን ደግሞ ወይዘሮ ፕሩዊት አለችው።

"ወንድ ነው እኮ" አላት ዌልደን።

"አካሄዷን እይ" አለችው። "ቤተ ክርስቲያን ዘግይታ የገባች አትመስልም?"

አየ። ይመስላል። ከዚያ በኋላ ያንን አጋዘን ከየትም ርቀት ሳይሳሳት ይለየው ጀመር። አንድ ነገር ስም ሲወጣለት ዓይን ውስጥ ይገባል። ይህን ዌልደን ቁጭ ብሎ አስቦት አያውቅም። ሥራው የእሱ ብቻ ይመስለው ነበር።

ስም ከወጣላቸው ሁሉ በሕይወት የተረፈው አጎት ኤመት ነበር። የኖርማ እናት ወንድም እንደነበረው እንደ እውነተኛው ኤመት፣ ከሁሉም በኋላ ወደ ማዕድ መጥቶ ከሁሉም በፊት የሚነሳ አውራ ነው። በቀኝ ቀንዱ ላይ ወደ ታች የወረደች አጭር ቅርንጫፍ አለችው። ዘንድሮ አርጅቷል። ዘንድሮ ይመታል ተብሎ ከሰኔ ጀምሮ ተወስኗል።

በጥቅምት ሚስ ክላውዴት ከሳን አንቶኒዮ መጣች። የሽማግሌው ታኬት ልጅ ናት፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ ራንቹ የእሷ ነው። ልጅ ሳለች አጋዘን መመልከት ያስተማራት ዌልደን ነው፤ ማድፈጫው ጎጆ ውስጥ በተሽከርካሪው ወንበር ላይ እግሯ መሬት ሳይነካ ቁጭ ብላ። አሁን በረንዳው ደረጃ ላይ ቆማ ባርኔጣዋን በእጇ ታዞራለች።

"ሚስተር ዌልደን፣ አልሸፋፍንብዎትም" አለችው። "ሁለት በርሜሎች ባዶ ተገኝተዋል። የደቡቡ በር ተከፍቶ አድሮ ላሞቹ አስፋልት ላይ ወጥተዋል። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።"

"አዎ፣ እመቤቴ።"

"ሐዘን ላይ እንደሆኑ አውቃለሁ። እኔም ኖርማን እወዳት ነበር። ግን እዚህ የሚመጡት ሰዎች ጠመንጃ ይዘው ነው የሚመጡት። የሚያየው ሰው ማየት አለበት።"

"አዎ፣ እመቤቴ።"

"ይህን ወቅት በደንብ ከተወጡት እስከፈለጉት ድረስ ይኖራሉ። ካልሆነ ግን ሌላ ሰው እቀጥራለሁ። ቤቱ ደግሞ ከሥራው ጋር ነው፤ ያውቁታል።"

"አውቃለሁ።"

ክላውዴት ባርኔጣዋን ማዞር አቆመች። "አንድ ነገር አይሉም?"

ዌልደን የሚለውን ፈለገ። ከቤቷ ውስጥ የኖርማ መጋረጃ በነፋስ ይንቀሳቀሳል። ቤቷን መልቀቅ እንደማይፈልግ ያውቃል፤ ሰው በረዶ ውስጥ ያለ እግሩን እንደሚያውቀው ነው የሚያውቀው። "ገብቶኛል" አላት።

በታኅሣሥ ከምሥራቅ ቴክሳስ፣ ከጥዱ አገር፣ ሃስከል ዱፕሪ የሚባል የመድኃኒት ቤት ባለቤት መጣ። ወፍራም፣ ተጫዋች፣ ዝም ማለት የሚያመው ሰው ነው። አጎት ኤመት የተመደበው ለእሱ ነበር። በመጀመሪያው ማታ ዌልደን ቦታውን ይልመድ ብሎ ወደ ማድፈጫው ይዞት ወጣ። በርሜሉ ጮኸ፤ ከአጋዘኖቹ ቀድሞ አንድ ትልቅ ከርከሮ ከቁጥቋጦው ወጥቶ በቆሎውን ይጠርገው ጀመር። ከርከሮ በርሜል የሚገለብጥ ጠላት ነው።

"ይምቱት" አለ ዌልደን በሹክሹክታ።

ዱፕሪ ተኮሰ። ከርከሮው አቧራ አስነስቶ ሄደ።

"የነካሁት መሰለኝ" አለ ዱፕሪ።

"መሬቱን ነክተውታል።"

"ይሞታል?"

"መሬቱ? አይመስለኝም።"

ዱፕሪ እስኪያለቅስ ሳቀ። ዌልደን ሊያስቅ ብሎ አልተናገረም፤ የተጠየቀውን ነበር የመለሰው።

አዳኞቹ የሚያርፉበት ቤት ሲደርሱ ምግብ አብሳይዋ ቼሎ መቀስ ይዛ በር ላይ ትጠብቃቸዋለች። ተኩሱን ሰምታለች፤ መኪናው ላይ የተጫነ ነገር እንደሌለም አይታለች። በዚያ አገር ተኩሶ የሳተ ሰው የሸሚዙ ጭራ ተቆርጦ ስሙ ተጽፎበት ግድግዳ ላይ ይቸነከራል። የምግብ ቤቱ አንድ ግድግዳ በሸሚዝ ጭራ ተሸፍኖ ቀለሙ አይታይም።

"ይዙሩ፣ ሚስተር ዱፕሪ" አለችው።

"እመቤት፣ ይሄ ሸሚዝ የልደት ስጦታ ነው።"

"የማን ስጦታ?"

"የአማቴ።"

"እንግዲያው ሁለት ጊዜ እንቆርጠዋለን።"

ቆዳ ገፋፊው ናንዶ፣ የቼሎ ባል፣ አፉ ውስጥ ያለው ባቄላ ሊወጣ እስኪል ሳቀ። ዱፕሪ ዞሮ ሁለት እጁን እንደ ተማረከ ወታደር ወደ ላይ አነሳ። ቼሎ ቆረጠች። ዌልደን ከዳር ቆሞ ያያቸዋል። የሚያስቅ ነገር እንደሆነ አውቆታል።

ቼሎ የተቆረጠውን ጨርቅ እያጣጠፈች ወደ እሱ ዞረች። በስፓኒሽ ጌታዬ እንደማለት ዶን ትለዋለች። "ዶን ዌልደን፣ ድሮ መቀሱን የሚይዙት እርስዎ ነበሩ። አሁን እንደ ግድግዳ ሰዓት ቆመው ያዩናል።"

"ደክሞኝ ነው።"

"ከሚያዝያ ጀምሮ ነው የደከመዎት። ሰዓቱስ ቢሆን ቀጭ ቀጭ ይላል።"

"ቼሎ፣ ተይው" አላት ናንዶ።

"ተውኩት። ሳህኑን ይዘህ አቀብለው። ሳይቀበልህ እንዳትለቀው።"

በማግስቱ ጠዋት ጭጋግ ወርዶ ነበር። ዱፕሪን የትላንቱ ሳቅ ለቆታል። ሸሚዙ ከኋላ አጥሮ ወገቡን ስለሚበርደው በየደቂቃው ጃኬቱን ይጎትታል።

"ዛሬም ብስት ምኔ ይቆረጣል?" አለ በሹክሹክታ።

"ዝም ቢሉ ይሻላል።"

"ሚስቴም እንደዚህ ነው የምትለኝ።" ጃኬቱን ጎተተ። "አንተ አግብተሃል?"

"አግብቼ ነበር።"

ዱፕሪ ከዚያ በኋላ እውነትም ዝም አለ።

በርሜሉ ጮኸ። በመጀመሪያ እንስቶቹ ወጡ፤ ጆሯቸውን እያዞሩ በቆሎውን ይለቅሙ ጀመር። ቀጥለው ቀንዳቸው ጣት የሚያህል ወጣቶች መጡ። ወቅቱ የስሪያ ስለሆነ ማንም ተረጋግቶ አይበላም። ቆይቶ እንስቶቹ በአንድ ላይ ቀና አሉ፤ ከጥርጊያው ማዶ አንድ ትልቅ አውራ ከጭጋጉ ወጣ። አንገቱ ከደረቱ ጋር አንድ ሆኗል። በቀኝ ቀንዱ ላይ ወደ ታች የወረደች ቅርንጫፍ አለችው። አንገቱን አቀርቅሮ የእንስቶቹን ዱካ ያሸታል።

ዌልደን በሩቅ ማያ መነጽሩ አየው። አንገቱ ወፍራም ነው፤ ቅርንጫፏ አለች።

ዌልደን ለሌላው ሰው ሁሉ የሚያስተምረው አንድ ነገር ነበረው። አውራ በስሪያ ወቅት አንገቱ ያብጣል፤ ጎልማሳው ሽማግሌ ይመስላል። ስለዚህ አንገቱን አትመን። ባቀረቀረበት አትፍረድ። ቀና ይበልና ይራመድ። ያረጀ አጋዘን ሆዱ ወርዶ፣ ጀርባው ጎብጦ፣ እግሩ ያጠረ መስሎ እንደ ተጫነ ጋሪ ይሄዳል። ያላረጀው እግሩ ረጅም ነው፤ መሬቱን ቶሎ ይለቃል። ይህን ለክላውዴት ነግሯታል። ለናንዶም፣ ለእንግዶችም፣ አውቶቡስ ለመንዳት እስክትነሳ ድረስ አንዳንድ ጠዋት አብራው ለምትቀመጠው ለኖርማም ነግሯል።

ያን ጠዋት ግን አልጠበቀም። ቸኩሎ አልነበረም። ስለ ቤቷም አላሰበም። መጠበቅ ማለት አንድን ነገር ለማወቅ መፈለግ ነው፤ እሱ ጋ መፈለጉ አልነበረም።

"እሱ ነው?" አለ ዱፕሪ።

"እሱ ነው።"

"አጎት ኤመት?"

"ይተኩሱ።"

ጥይቱ ጮኸ፤ እንስቶቹ ነጭ ጭራቸውን አቁመው ተበተኑ። አውራው ጥቂት ሮጦ ጥርጊያው ዳር ወደቀ። ዱፕሪ የዌልደንን እጅ ይዞ ሲነቀንቅ፣ ዌልደን በመስኮቱ ወደ ወደቀው ያይ ነበር። ከመውደቁ በፊት የሮጠባት ያቺ ጥቂት መንገድ ዓይኑ ላይ ቀርታለች። እግሩ ረጅም ነበር።

ናንዶ ሲገፍፍ ያፏጫል። ያን ቀን አጋዘኑን ሰቅሎ፣ ቆዳውን ወደ ታች ገፍፎ፣ እያፏጨ መንጋጋውን አወጣ። ከዚያ ፉጨቱ ቆመ። ዱፕሪ ዜናውን ለሚስቱ ሊነግር ስልክ የሚይዝበት ጉብታ ላይ ወጥቷል። ዳሱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

"ዌልደን፣ ና እስቲ" አለ ናንዶ።

ዌልደን ሄደ። ናንዶ አጥንቱን በውሃ አጥቦ ብርሃን ላይ አዞረው። ጥርሶቹ ጫፋቸው ገና ስለታም ነው። ኤመት ቢሆን ኖሮ ተበልተው ሳህን መስለው መገኘት ነበረባቸው።

"አራት ዓመት" አለ ናንዶ።

"አራት ከመንፈቅ።"

"የኤመት ልጅ ይሆናል። ቀንዱ ቁርጥ እሱን ነው።"

"ይሆናል።"

ናንዶ ወደ በሩ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስማኝ፣ አንተ ሽማግሌ። አጥሩ ሥር ሞቶ ያገኘነው ትዝ ይልሃል? ያ ጥርሱ ያለቀው? መንጋጋው እዚህ ባልዲ ውስጥ ነው። ቀቅዬዋለሁ፣ ስም አልጻፍኩበትም።"

ዌልደን ወደ ባልዲው አየ።

"ሚስ ክላውዴት ዛሬ ከሰዓት ትመጣለች። ቀንዱን ታያለች፤ ቀንዱ የኤመት ይመስላል። አጥንቱን ታያለች፤ አጥንቱ የሽማግሌ ነው። በቃ። ማን ይጠይቃል?"

"ኤመት ነገ ካሜራ ላይ ቢመጣስ?"

"ካሜራውን የሚያየው ማነው?"

"እኔ።"

"እንግዲያስ።" ናንዶ እጁን በሱሪው ጠረገ። "ይሄ አጋዘን እንደሆነ አይነሳም። አንተ ግን የት ትሄዳለህ? ዘመድ የለህ፣ ልጅ የለህ። ለአንድ መንጋጋ ብለህ ቤትህን ልትለቅ ነው?"

ናንዶ የሚለው ሁሉ እውነት ነበር። ዌልደን "ቆይ" ብሎት ወጣ።

ፒክአፑ ውስጥ ገብቶ የካሜራውን ፎቶ የሚያይባትን ትንሽ መሣሪያ ከፈተ። ከግንቦት ጀምሮ ያለውን አዞረ። አጋዘኑ እዚያ ነበር። በሰኔ ቀንዱ ገና ለስላሳ ፀጉር ለብሶ። በሐምሌ በርሜሉ ሥር ተኝቶ፣ ጅራቷ የረዘመ ወፍ ጀርባው ላይ ቆማ። በነሐሴ ወደ ካሜራው ቀርቦ መስታወቱን በምላሱ ሲልስ። በመስከረም ከአጎት ኤመት ጎን ለጎን ቆሞ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቅርንጫፍ በአንድ ዓይነት ቦታ፣ አንዱ ወገቡ ጎብጦ አንዱ ቀጥ ብሎ። ሕፃን ልጅ እንኳ ይለያቸዋል። ዌልደን እነዚህን ፎቶዎች አንድ በአንድ አዙሯቸው ነበር። በጣቱ ገፍቶ አሳልፏቸዋል።

ኖርማ ብትኖር በሰኔ ስም ታወጣለት ነበር። ካሜራ መላሱን አይታ አንድ ሆዳም የአክስት ልጅ ታስታውስ ነበር። ዌልደን አሁን ስም ሊያወጣለት ሞከረ። የሚያውቃቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አሰበ። አልመጣለትም። ስም ማውጣት የእሱ ሥራ ሆኖ አያውቅም።

ከዚያ ስለ ባልዲው አሰበ። የሌላ መንጋጋ ቢሰቀል፣ ግድግዳው ላይ የሚቀረው ያ ሽማግሌ ነው፤ ይሄኛው ጭራሽ እንዳልነበረ ይሆናል። ስም አልወጣለትም። ጥርሱንም ከወሰዱበት ምን ይቀረዋል? ነገሩ ከዚህ አላለፈም። ትልቅ ነገር መስሎም አልታየውም። ከመኪናው ወርዶ ዳሱ ገባ፣ መንጋጋውን በጨርቅ ጠቀለለ።

"እያበድክ ነው" አለው ናንዶ።

"ባልዲውን አስቀምጠው" አለው ዌልደን። "አንተ ምንም አላልከኝም።"

ክላውዴት ከመኪናዋ ዕቃ ስታወርድ አገኛት። የጨርቁን ጥቅልል አይታ ዕቃውን መሬት አስቀመጠች። በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አለችና ፈታችው። ጥርስ ማንበብ ያስተማራት እሱ ነው፤ ብዙ አልፈጀባትም። አውራ ጣቷን በጥርሶቹ ጫፍ ላይ አስኬደች።

"ይሄ ኤመት አይደለም።"

"አይደለም፣ እመቤቴ።"

"ገና አራት ዓመቱ ነው።"

"አራት ከመንፈቅ።"

"በመንገድ ስመጣ ከወንዙ ጀምሮ ጭጋግ ነበር" አለች ክላውዴት። አጥንቱን እንጂ እሱን አታየውም። "እዚህም ነበር መሰለኝ።"

ጭጋጉን ሰበብ እንዲያደርግ በር ከፍታ እንደሰጠችው ገባው። መግባት ይችል ነበር።

"ነበር" አላት። "ግን ጭጋጉ አይደለም። ፊቴ ቆሞ ነበር፤ አላየሁትም። ከሰኔ ጀምሮ በርሜሉ ሥር ነበር፤ አላየሁትም። ከኖርማ ወዲህ አንዱንም አላየሁም፣ ሚስ ክላውዴት። መነጽሩን አነሳለሁ እንጂ።"

ክላውዴት አጥንቱን መልሳ ጠቀለለችው። "ናንዶ እዚያ ባልዲ ውስጥ ስንት መንጋጋ እንዳለው አውቃለሁ" አለች።

"ብዙ አለ።"

"አባቴ ቢሆን..."

"አባትዎ በዚችው ሰዓት ያባርሩኝ ነበር። ልክም ነበሩ።"

"አዎ፣ ያባርርዎት ነበር።" ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ዌልደን ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ሰጣት፤ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ ተቀበለችው። "ከእንግዲህ እንግዳ ይዘው አይወጡም። በርሜሎቹን እስከ ወቅቱ መጨረሻ ይሞላሉ። አዲሱ ሰው በግንቦት ይገባል። እስከዚያ ቤቱ የእርስዎ ነው። ሚስተር ዌልደን፣ ከዚህ በላይ አልችልም። ሌላው ሠራተኛ ቢሆን አላደርገውም ነበርና ለእርስዎም አላደርገውም።"

"እሺ፣ እመቤቴ።"

"ለዱፕሪ እኔ እነግረዋለሁ።"

"አይ" አለ ዌልደን። "ያስተኮስኩት እኔ ነኝ።"

ለዱፕሪ ሲነግረው ዱፕሪ መጀመሪያ አልገባውም፤ ከዚያ ገባው። "ቢሆንም ቆንጆ ነበር" አለ በመጨረሻ። "አዎ" አለው ዌልደን። "ቆንጆ ነበር።"

ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር ወጥ ቤት ሲገባ። ቼሎ ሁሉንም ሰምታለች፤ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ ድስቱን ስታማስል ትከሻዋ እንኳ የተቆጣ ይመስላል።

"ሞኝ ነዎት፣ ዶን ዌልደን።"

"ነኝ።"

"ባሌ ራሱን ለአደጋ ጥሎ ባልዲ ሙሉ አጥንት ያቀርብልዎታል፤ እርስዎ ግን በጨርቅ ጠቅልለው ለሴትዮዋ እንደ ስጦታ ይወስዱላታል። ሪባን ረስተዋል።"

"ረስቻለሁ።"

"ይቀመጡ።"

ተቀመጠ። ባቄላ በሳህን፣ ቶርቲላ የሚባል በጨርቅ የተሸፈነ ትኩስ ቂጣ፣ ቃሪያ አስቀመጠችለት። እሷም ማንኪያውን እንደያዘች ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ እንዲህ ተቀምጣ አታውቅም።

"እህቴን ያውቋታል፤ ከተማው ዳር ያለችውን፣ ኤስተርን። ከግቢዋ ኋላ ተጎታች ቤት አላት። የነበረው ተከራይ ወደ ነዳጁ ሥራ ሄዷል። ትንሽ ናት፤ ግን ጣሪያዋ አያፈስም። ለአንድ ሰው ትበቃለች።"

ዌልደን ቶርቲላውን ቀድዶ ባቄላውን ዛቀበት። ጎረሰ፣ አኘከ፣ ዋጠ። ከቃሪያው ነከሰ፤ ዓይኑ ውሃ አቀረረ።

"ዛፍ አለው?" አለ።

ቼሎ ማንኪያዋን አየር ላይ ይዛ ቀረች። ከሚያዝያ ወዲህ ይህ ሰው ማንንም ምንም ጠይቆ አያውቅም።

"ምን?"

"ደጁ ላይ። ዛፍ አለው ወይ?"

"አንድ ሜስኪት አለ። ጠማማ ነው። ፍሬው መኪናዋ ላይ እየረገፈ ስላስቸገራት ልትቆርጠው ነው።"

"አትቁረጠው በያት።"

"እኔ ምን አገባኝ? ራስዎ ይንገሯት።"

"እነግራታለሁ።"

"መቼ?"

አሰበ። "እሁድ" አለ።

ቼሎ ተነስታ ሳህኑን ወሰደችና ሳትጠይቀው ደግማ ሞላችው። "እሁድ እሷ ጋ ሲሄዱ ባዶ እጅዎን እንዳይሄዱ" አለችው። "ታላቄ ናት። የእኔን ያህል ትዕግሥት የላትም።"